የአፈርና የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ድሬ ላይ ብርቱካን ለምን ይገረጣል?

ባለፈው ስለ መረሬ (በክረምት ስለሚያብጠው ጥቁር የሸክላ አፈር) ከጻፍኩ በኋላ የመጣው መልእክት ብዙ ነው፣ ግማሹ ደግሞ "የኛስ አፈር? እኛን ረሳኸን" የሚል ነው። እውነት ነው ረስቻችኋለሁ። እኛ አፈር ላይ የምንሰራ ሰዎች ወይ የጥቁር መረሬ ወሬ ነው ወይ የምዕራቡ ቀይ አፈር ወሬ ነው የምንወደው፣ ከኖራ ድንጋይ ተራራ ስር ጎርፍ ያመጣውን ጠጠራም ጭቃ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስለዚ ዛሬ ገጹ የነሱ ነው። አራት ጥያቄ መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ አረዝማለሁ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ አቦ እንዴት ነህ! እኔ ሳቢያን ነው የምኖረው። የግቢያችን አፈር ሲረጥብ ከጫማ አይላቀቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ዶማ አያስገባም፣ መሃሉ ነጫጭና ግራጫ ክብ ጠጠር ነው የሞላበት። ሁለት ብርቱካንና አንድ አቮካዶ ከተከልኩ ሶስት አመት ሆነኝ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ጎረቤት አመድ አድርግበት ብሎኝ ከምድጃ እየዛቅኩ አደረግኩ፣ ባሰበት። ከዛ አንድ ሱቅ "ብረት አንሶት ነው" ብሎ አይረን ሰልፌት ሸጠልኝ፣ አፈሩ ላይ በተንኩት፣ ምንም የለም። አፈራችን ብረት የለውም ማለት ነው? ወይስ ነቅዬ ሲሚንቶ ላልብሰው? — ከድሬዳዋ

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ የለም ስለሚባል እኔም አንተ እልሃለሁ። ሲሚንቶውን ተው። አፈርህ ብረት አለው፣ እንደውም ብዙ አለው፣ ግን ተቆልፎበታል። አመዱ ደግሞ ቁልፉን ሌላ ዙር አዞረው።

ከላይ ልጀምር። ከከተማው በስተደቡብ የምታያቸው ተራሮች ላይ ብዙ የኖራ ድንጋይ አለ። ያ ድንጋይ ዛሬ ባህር በሌለበት ቦታ ላይ የባህር ወለል ነበር፣ ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን አመት በላይ ነው ነገሩ። የድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካም በጣልያን ጊዜ እዛ የተተከለው ይሄው ድንጋይ ስላለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከአየሩና ከስር አካባቢ ጋዝ ይዞ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ማለት ነው፣ በዛ ኮምጣጣነቱ የኖራ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። የማይሟሟው ቆሻሻው ነው፣ ድንጋዩ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጥቂት ሸክላና የብረት ዝገት። እሱ ይቀራል፣ እሱ ነው ጫማህ ላይ የሚጣበቀው። ብዙ ሰው "ነጭ ድንጋይ እንዴት ቀላ ያለ አፈር ይሰጣል" ይለኛል፣ መልሱ ይሄ ነው፣ ነጩ ሄዶ ዝገቱ ቀረ።

ከዛ ጎርፉ ይመጣል። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ጉልበት ስላለው ሁሉንም ነው የሚያግዘው፣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅበታል፣ መጀመሪያ ትልልቁን ቋጥኝ ይጥላል፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ መጨረሻ ላይ ጭቃውን። የሚቀጥለው አመት ጎርፍ ደግሞ መንገዱን ቀይሮ ባለፈው ጭቃ ላይ ጠጠር ያፈስበታል። ለዚህ ነው እንዲህ አይነት ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ሸክላ ብቻ፣ አምስት እርምጃ አልፎ ጠጠር ብቻ የሚገኘው። ጠጠሩን እየው፣ ጠርዙ የሾለ ከሆነ ከቅርብ ነው የመጣው፣ ክብ ለስላሳ ከሆነ ብዙ ተንከባሏል። ያንተ ክብ ነው ብለሃል፣ ስለዚ ግቢህ የድሮ የጎርፍ መንገድ ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ከብርቱካኑ ትንሽ ራቅ ብለህ እስከ ጉልበትህ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍር። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንድ እንቁላል የሚያክል ጠጠር ሳትገለብጠው አውጣና የታችኛውን ፊቱን እይ። ከላይ ንጹህ፣ ከታች ነጭ ቅርፊት የለበሰ ከሆነ ያ ቅርፊት ኖራ ነው። ቤታችሁ ያለው ማንቆርቆሪያ ውስጡ የሚጋገረው ነጭ ነገር አለ አይደል? እሱው ነው። ውሃ የሟሟውን ኖራ ይዞ ይወርዳል፣ ጠጠሩ ስር ይንጠለጠላል፣ ሙቀቱና ስሩ ውሃውን ሲወስዱት ኖራው እዛው ይቀራል። ድሬ ዝናቡ በአመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ፣ ያ ዝናብ ኖራውን ጠራርጎ አውጥቶ አይጥለውም፣ ከጉልበት በታች ወስዶ ያስቀምጠዋል እንጂ። አንዳንድ ቦታ ተጠራቅሞ ዶማ የሚመልስ ነጭ ንጣፍ ይሆናል። ችግኝ ስትተክል እሱን ሰብረህ ካላሳለፍክ ስሩ እንደ ሳህን ላይ ነው የሚተኛው።

ከዛ ከጉድጓዱ ደቃቁን አፈር ማንኪያ ሙሉ ወስደህ ኮምጣጤ ጠብ አርግበት፣ ጆሮህን አስጠጋ። ሽሽሽ ካለና ከተንፎከፎከ ኖራ አለበት። ጠጠሩ ላይ ብቻ አትሞክር፣ ኮምጣጤ ደካማ ስለሆነ ድንጋዩ ላይ ብዙ ላይታይህ ይችላል፣ መጀመሪያ ፈቅፍቅና ዱቄቱ ላይ ጣል። ኮምጣጤ ከሌለ ሎሚም ይሰራል ግን ጸጥ ያለ ነው።

እንደዚህ የሚንፎከፎክ አፈር ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ያንሳል) አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.4 ነው። እዛ ላይ ብረት ዝገት ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ስር ሊጠጣው አይችልም። በዛ ላይ ከኖራው የሚመጣው ባይካርቦኔት ስሩ ብረቱን እንዳያሟሟና ከገባም በኋላ ቅጠሉ ውስጥ እንዳይሰራበት ይከለክለዋል። ብረት ደግሞ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይዘዋወርም፣ ስለዚ ቢጫ የሚሆነው አዲሱ ቅጠል ነው፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ። (አሮጌው ቅጠል ከታች ጀምሮ እኩል ቢጫ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያ የናይትሮጅን እጥረት ነው፣ አታምታታው።) የገዛኸው ሰልፌትስ? አፈሩ ላይ በተንከው፣ ኖራውን አገኘው፣ ዛገ፣ አለቀ። መሬቱ ላይ ብርቱካናማ እድፍ አይተህ ከነበር ገንዘብህ እሱ ነው። አመድ ደግሞ ራሱ ኖራና ፖታሽ ነው፣ አሲዳማ አፈር ላይ መድሃኒት፣ አንተ ጋ ግን ለወፍራም ሰው ቅቤ እንደማጠጣት ነው።

"ታዲያ ድኝ ጨምሬ ፒኤቹን ላውርደው" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሌ የሚባል ነው። ቁጭ ብለህ አስላው። የአንድ ዛፍ ስር ያለበትን 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱን ግማሽ ሜትር ብትወስድ ጠጠሩን ቀንሰህ ወደ 1,800 ኪሎ ደቃቅ አፈር ነው በለው። ከሱ 20 በመቶው ኖራ ቢሆን 360 ኪሎ ኖራ ነው። አንድ ኪሎ ኖራ ለማጥፋት 320 ግራም ድኝ ይፈልጋል፣ ስለዚ ለአንድ ዛፍ ከአንድ ኩንታል በላይ ድኝ! እሱም ጠጠሩን ሳንቆጥር፣ ጠጠሩ ራሱ ኖራ ነው፣ የምታጠጣው ውሃም ኖራ እያመጣ ይጨምራል። ይሄን አፈር አትለውጠውም። እኔ ከብዙ አመት በፊት ወዳጄ ግቢ ውስጥ እለውጠዋለሁ ብዬ ሶስት ጊዜ አቮካዶ ተክዬ ሶስቱም ሞተውብኝ ነው ይሄን ያመንኩት፣ ወዳጄ እስከዛሬ ሻይ በጠጣን ቁጥር ያነሳብኛል።

የሚሰራውን ልንገርህ። ብርቱካኖቹን ለማዳን ፈጣኑ መንገድ ኬሌት የሚሉት፣ አፈር ውስጥ ቶሎ እንዳይዝግ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ብረት ነው፣ ግን አይነት አለው። ፓኬቱ ላይ ኢ-ዲ-ቲ-ኤ የሚል ካለ አንተ አፈር ላይ አይቆይም፣ ኢ-ዲ-ዲ-ኤች-ኤ የሚለውን ነው የምትፈልገው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ዱቄት ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ከርከዴ ይሆናል። ለሶስት አመት ዛፍ ከ20 እስከ 30 ግራም አካባቢ (የፓኬቱን መመሪያ እይ) በባልዲ ውሃ በጥብጠህ ከዛፉ ጥላ ጠርዝ ስር በቆፈርከው ቦይ አፍስሰህ በአፈር ሸፍነው፣ ፀሐይ ያበላሸዋል። ውድ ነው አልዋሽህም። ካላገኘህ የተረፈህን ሰልፌት 5 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠህ፣ ትንሽ ሎሚ ጨምቀህ፣ ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ ርጨው። የነካው ቅጠል ይለመልማል፣ ቀጥሎ የሚወጣው እንደገና ቢጫ ነው፣ ስለዚ እየደጋገምክ ነው።

ዘላቂው ግን ፍግ ነው። የበሰበሰ የፍየል በጠጥ፣ ኮምፖስት፣ ያለህን፣ ከጥላው ጠርዝ ስር ሁለት ሶስት ቦታ ጉድጓድ ቆፍረህ አጭቀው። ፍግ ሲብላላ በአጠገቡ ትንሽ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ብረቱንም ይዞ ለስር ያቀብለዋል። አፈሩን ሁሉ መለወጥ አያስፈልግህም፣ ስሩ የሚበላበት ኪስ ኪስ ቦታ ይበቃዋል። ያልበሰበሰ ፍግ ግን ጨው አለበት ተጠንቀቅ።

ውሃ ላይ ደግሞ እጅህን ሰብስብ። ቢጫ ሲያይ ሰው ሁሉ ውሃ ነው የሚጨምረው። ሸክላው ውሃ ሞልቶት አየር ሲያጣ ባይካርቦኔቱ ይበዛል፣ ቢጫው ይብሳል። በሌላ በኩል ግማሽ አካሉ ድንጋይ ስለሆነ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፣ ስለዚ አንዴ አጥለቅልቆ ሁለት ሳምንት መርሳትም አይሆንም። መጠነኛ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከማጠጣትህ በፊት ጣትህን ከትተህ ስንዝር ያህል ወርደህ ርጥበት አለ ወይ እያልክ።

አቮካዶውን ግን ተሰናበተው። ኖራ ከሚጠሉት ዛፎች ቀንደኛው ነው። በቦታው ሮማን ትከል፣ በለስ ትከል፣ ተምርም ይሆናል፣ እነዚህ ኖራ ላይ ሲያድጉ የከረሙ ናቸው። ብርቱካንም ድጋሚ ስትገዛ የላዩን ስም ብቻ አትጠይቅ፣ ግራፍት የተደረገው (የተቀጠለው) በምን ዛፍ ስር ላይ ነው ብለህ ጠይቅ። ጎምዛዛው ብርቱካን ኖራን ጥሩ አድርጎ ይችላል፣ ትሪስቴዛ የሚባል የቫይረስ በሽታ ግን ይጎዳዋል፣ ባለሶስት ቅጠሉ የብርቱካን ዘመድ ደግሞ ኖራ ጭራሽ አይወድም። ችግኝ ሻጩ አላውቅም ካለህ ሌላ ሻጭ ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቲቪ ላይ "ኖራ መጨመር አፈር ያክማል" ሲባል ሰምቶ ሁለት ከረጢት ኖራ አስመጥቶ ለቲማቲሙ ሊበትን ነው። የኛ ሰፈር ድንጋዩ ራሱ ነጭ ነው። ልከልክለው? — ከድሬዳዋ አቅራቢያ

መልስ፦ ኧረ ሩጪና ከልክዪው! ቲቪው አልዋሸም፣ ለናንተ አልነበረም ያወራው። ያ ምክር ለወለጋ ለጎጃም ዝናብ ኖራውን አጥቦ ለወሰደበት አሲዳማ አፈር ነው። እናንተ ጋ ተራራው በነጻ ሲያከፋፍል የኖረውን ነው አባትሽ በገንዘብ የገዛው። ከረጢቱን አጥር ለመቀባት ይጠቀምበት፣ ያምራል። በዚህ አጋጣሚ ዩሪያም ከሆነ የሚጠቀመው ላዩ ላይ በትኖ እንዳይሄድ ንገሪው፣ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ጋዝ ሆኖ ነው የሚበነው፣ አፈር አልብሶ ወዲያው ያጠጣ። ፎስፎረስ ያለበትን ማዳበሪያም አይበትን፣ ኖራው ይዞ ያስቀረዋል፣ ከፍግ ጋር አድርጎ ከችግኙ ስር በመስመር ይቅበረው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምሰራው ሪያድ ነው። ለእናቴ ድሬ ላይ ቤት ልሰራ መሬት ገዝቻለሁ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ብዙም አይርቅም። ኮንትራክተሩ "መረሬ አይደለም፣ ገረጋንቲ ነው፣ ጥልቅ ፋውንዴሽን አያስፈልግም፣ የሚወጣውን ጠጠርም ለኮንክሪት እንጠቀማለን ትርፍ ነው" ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ እህቴ እኔ የአፈር እንጂ የህንጻ ሰው አይደለሁም፣ ፋውንዴሽኑን መሃንዲስ ይወስን። አፈሩን በተመለከተ ግን ሰውየው ግማሹን እውነት ነግሮሻል። ጠጠር የበዛበት ሸክላ ባብዛኛው እንደ መረሬ በክረምት አብጦ በበጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳ አይሰብርም። የቀረው ግማሽ እንዲህ ነው። ከላይ እንዳልኩት ይሄ አፈር በንብርብር ነው የመጣው፣ አንዱ ጥግ ላይ ጠጠር ያየ ሰው ስለ ሌላው ጥግ ምንም አያውቅም። ቤቱ ግማሹ ጠጠር ላይ ግማሹ ለስላሳ ጭቃ ላይ ካረፈ እኩል አይሰምጥም፣ ስንጥቁ ከዛ ነው የሚመጣው። አንድ ጉድጓድ አይበቃም፣ በየማዕዘኑ ሶስት ሜትር ያህል ይቆፈርና የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ይላክልሽ፣ ሜትር ከጎኑ ዘርግቶ። ይሄን ለማድረግ ካቅማማ ራሱ መልስ ነው።

ጠጠሩን ለኮንክሪት ካላችሁ መታጠብ አለበት። ሸክላ እንደለበሰ ከገባ ሲሚንቶው የሚይዘው ጭቃውን ነው፣ ድንጋዩን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ "ከወንዝ አይርቅም" ያልሽው ነው። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፣ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የነበረ ወንዝ። ግቢው ውስጥ ያለውን ክብ ጠጠር ማን እንዳመጣው አስቢ። አመጪው አልሞተም። እናትሽ የሚያውቋቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋ ይሂዱና ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር ብለው ይጠይቁ፣ ከካርታ በላይ ያውቃሉ። ሽንት ቤቱንም ታችኛው ወለሉ ክፍት የሆነ ጉድጓድ አታስደርጊው፣ በጠጠር ንብርብር ውስጥ ቆሻሻ ሳይጣራ ነው የሚወርደው፣ ድሬ የሚጠጣው ደግሞ ከመሬት ስር የሚወጣውን ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ተምቤን አስተማሪ ነኝ፣ የወላጆቼን ማሳ አፈር ላብራቶሪ አስመርምሬ ነበር። ፒኤች 8.1፣ ሸክላ 46 በመቶ ይላል። ማረሻው ግን በየእርምጃው ድንጋይ ነው የሚመታው! ውጤቱ የሌላ ሰው ይሆን? ድንጋዩን አስለቅመን እናስወጣ ወይ? አባቴ አይሆንም ብሏል።

መልስ፦ መምህር፣ ውጤቱ የእርስዎ ነው፣ አባትዎም ልክ ናቸው። ላብራቶሪ ገና ሲጀምር አፈሩን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋና ድንጋዩን ይጥለዋል፣ 46 በመቶ የሚለው ከወንፊቱ ስር ስለወረደው ብቻ ነው። ስለዚ ከፒኤቹ በስተቀር ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጠን ቁጥር ማሳው ላይ ሲያውሉት በድንጋዩ ልክ ይቀንሱት። ልኩን ራስዎ ማግኘት ይችላሉ፣ ተማሪዎችም ይወዱታል፦ አስር የቲማቲም ጣሳ አፈር ከማሳው ይውሰዱ፣ ይንፉት፣ ወንፊት ላይ የቀረውን ድንጋይ አጥበው አፉ ድረስ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ይክተቱት፣ የሚፈሰውን ውሃ በዛው ጣሳ ይስፈሩ። አራት ጣሳ ከፈሰሰ አርባ በመቶው ድንጋይ ነው፣ ውሃም ማዳበሪያም የሚይዘው የቀረው ስድሳ ብቻ ነው።

ስለ ማስለቀሙ፣ ትልልቁን፣ ማረሻ የሚሰብረውን ይልቀሙና ለእርከን ያውሉት። ትንንሹን ግን አይንኩት። ደጉዓ ተምቤን ላይ ይሄው ጉዳይ ተጠንቶ ድንጋዩ በተለቀመ ቁጥር በጎርፍ የሚሄደው አፈር እየጨመረ ነው የታየው፣ ገበሬዎቹም ትንሹ ድንጋይ እንዲነሳ አይፈልጉም። ጠጠሩ የዝናቡን ጠብታ ይቀበልለታል፣ ጎርፉን ያዘገያል፣ ከስሩ ያለውን እርጥበት ከፀሐይ ይሸፍናል። ካላመኑኝ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ካቆመ ከሳምንት በኋላ ከማሳው መሃል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንሱና እጅዎን ስሩ ያድርጉ፣ ከዛ አጠገቡ ያለውን ባዶ አፈር ይንኩ። አባትዎ ያኔ አጠገብዎ ካሉ ግን ምን እንደሚሉዎ እርስዎ ያውቃሉ።